የአክስቴ ሚጥሚጣ ከአጥር ወዲያ

እናንተስ ደርሶባችሁ ያውቃል? አንድ ነገር አፋችሁን አቃጥሎ፣ እንባችሁን አውርዶ፣ «ሁለተኛ አልነካውም» ብላችሁ ከማላችሁ በኋላ፣ መሐላው ገና ከአፋችሁ ሳይወጣ እጃችሁ ተመልሶ ወደ ሳህኑ ሲሄድ ይዛችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ይዤዋለሁ። የወተት ጥርሶቼ ወልቀው ባልጨረሱበት ዕድሜ፣ ማክሰኝት አክስቴ ቤት፣ ከአንድ ሳህን ሚጥሚጣ ፊት ለፊት። ያን ቀን የጀመረው ወዳጅነታችን እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ነገር ግን ወዳጅ ከመሆናችን ሦስት ቀን አስቀድሞ ዘሩን ላጠፋው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ልጅ እያለሁ እናቴ ሆስፒታል፣ አባቴ ደግሞ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠሩ ስለነበር፣ ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲዘጋ ቀን ቀን እኔን የሚይዝ ሰው አይኖርም ነበር። ስለዚህ አባቴ በየዓመቱ ጥር ላይ ከጎንደር ሚኒባስ ያሳፍረኝና አዘዞንና ጠዳን አልፈን ማክሰኝት እህቱ ቤት ያደርሰኛል። ከመኪናው ስንወርድ የሚቀበለን ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። የገበያው የጤፍ ገለባ፣ ለሽያጭ የመጣው ከብት፣ ፀሐይ የመታው አቧራ። ወደ አክስቴ ግቢ ስንጠጋ ግን ይህ ሁሉ ወደ ኋላ ይቀርና አፍንጫን በቀስታ የሚኮረኩር፣ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ የሚያስነጥስ ሌላ ሽታ ይመጣል። አባቴ ሁልጊዜ በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ያስነጥስና «እንግዲህ ደርሰናል» ይል ነበር።

ያ ሽታ በሰፌድ ላይ የተሰጣው የአክስቴ የእትዬ ጥሩወርቅ ሚጥሚጣ ነው። ተክሉ ከቤቱ ፊት ለፊት፣ ከቅንጭቡ አጥር ብዙም ሳይርቅ፣ ለብቻው ይቆም ነበር። አንድ ቁጥቋጦ ብቻ ነው፤ ቁመቱ እስከ እኔ ትከሻ። ፍሬዎቹ ከትንሿ ጣቴ ያንሳሉ፤ በመጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ብርቱካን፣ በመጨረሻ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናሉ። አስተውላችሁ ከሆነ በርበሬ ሲያፈራ ዛላው ወደ መሬት ይንጠለጠላል፤ የሚጥሚጣ ፍሬ ግን ሽቅብ ይቆማል። አክስቴ ይህን እንደ ትልቅ ማስረጃ ነበር የምትቆጥረው። «አየሽ፣ በርበሬ አንገቱን ይደፋል። የእኔ ሚጥሚጣ ግን ቀና ብሎ ነው ሰው የሚያየው» ትለኛለች።

ዘሩን ወደ ቤቱ ያስገባችው አያቴ ናት። ከአርማጭሆ ቆላ ለማክሰኝት ሰው ስትዳር ፍሬዎቹን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እንደመጣች ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት የምትዳር ሴት ልጅ ሁሉ በሠርጓ ቀን ከእናቷ እጅ የሚጥሚጣ ፍሬ ተቀብላ ትሄዳለች። ይህ የአገር ልማድ አይደለም፤ የእኛ ቤት ልማድ ነው። ስለዚህም አክስቴ ከምርቷ መልካም መልካሙን ለይታ፣ አድርቃ፣ ከጣሪያው ሥር በተንጠለጠለ ቅል ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። ቅሉን ስታወዛውዙት የደረቀው ፍሬ ውስጡ ሽክ ሽክ ይላል።

ታዲያ የተፈጨውን ለጠየቃት ሁሉ በወረቀት ጠቅልላ ትሰጣለች፤ ዘሩን ግን ለማንም አትሰጥም። «ዱቄቱ የሁሉ ነው፤ ዘሩ የቤቱ ነው» ነበር መልሷ። ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤቷ አያ ታከለ፣ ሦስት ላሞችና አንድ ትልቅ ሳቅ ያላቸው ሰው፣ እኔ ሳልወለድ አንድ ጊዜ ዘር ለምነዋት ይኸንኑ መልስ ሰጥታቸው ነበር። እሳቸውም «ምነው፣ እንደ ታቦት ጋረድሽው እኮ!» አሏት። ቀልድ ነበር፤ አክስቴ ግን እንደ ቀልድ አልሰማችውም። ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል የቀረው በአጥር ላይ የሚወረወር አጭር ሰላምታ ብቻ ነው። «እንደምን አደርሽ።» «ይመስገን።» አለቀ።

ያን ዓመት ጥር ስሄድ የአክስቴ ልጅ ዝናሽ ልትዳር ነበር። ሙሽራው የቆላድባ ሰው ነው፤ ሠርጉ እሑድ። ግቢው ከወዲያ ወዲህ በሚሉ ሴቶች ተሞልቷል፤ የጌሾው፣ የሚከተፈው ሽንኩርት፣ ለዳስ የተቆረጠው ቅጠል ሽታ አንድ ላይ ተደባልቋል። ሰኞ ዕለት ዳስ ሊተክሉ የመጡት ጎልማሶች ቦታውን በእርምጃ ሲለኩ የሚጥሚጣው ተክል ከመካከል ገባባቸው። አንዱ መጥረቢያውን እንደያዘ አክስቴን አያት። አክስቴም መጥረቢያውን ከእጁ ተቀብላ፣ ተክሉ ላይ የቀረውን ፍሬ ሁሉ ለቅማ ጨርሳ፣ በገዛ እጇ ቆረጠችው። «አርጅቷል፤ ዘሩ ቅሉ ውስጥ አለ። ክረምት ሲገባ ሌላ እተክላለሁ» አለች። ፊቷ ላይ ምንም ሐዘን አላየሁም። ዘር ያለው ሰው ተክል ሲቆረጥ አያዝንም።

ሐሙስ ጠዋት ሚጥሚጣውን ወፍጮ ቤት እንድወስድ ታዘዝኩ። በጣም ኮራሁ፤ የሠርግ ሚጥሚጣ ማስፈጨት የትልቅ ሰው ሥራ ነው። አክስቴ ሽንኩርት ከሚከትፉት ሴቶች መካከል ሆና «ሰብለ! ሰፌዱ ላይ ያለውን በጣሳው ሙሉ አድርገሽ ውሰጂ፤ ጎድሎ እንዳይመልስሽ» አለችኝ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ከጣሳ በታች አይፈጭም፤ ትንሽ ከሆነ ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል ይል ነበር።

እዚህ ላይ ስለራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሥርዓት የምወድ ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ተማሪዎቼ ጠመኔዎቼን በቁመት ቅደም ተከተል እንደምደረድር ደርሰውበት ይስቁብኛል። ያን ቀን ሰፌዱ ላይ ያለውን ፍሬ አንድ ሳላስቀር ጣሳው ውስጥ ስጨምር አራት ጣት ያህል ጎደለ። ሙሉ ነው የተባልኩት። ዞር ዞር ብዬ ሳይ ቅሉን አየሁ። በርጩማ ላይ ወጣሁ፤ ቅሉን አወረድኩ፤ ሽክ ሽክ የሚለውን ሁሉ ጣሳው ላይ ገለበጥኩ። ልክ አፉ ድረስ መጣ። እንደዚያ ቀን ያለ ቆንጆ ሙሉ ጣሳ አይቼ አላውቅም። ቅሉንም በሥርዓት መልሼ ሰቀልኩት።

ወፍጮ ቤቱ ሁለት ድንጋይ ነበረው፤ አንዱ ለእህል፣ አንዱ ለበርበሬ። የበርበሬው ተራ ሁልጊዜ በማስነጠስ ይታወቃል፤ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬም ከዓይኑ በቀር ፊቱን በሻሽ ጠምጥሞ ነው የሚሠራው። ጣሳዬን አይቶ አሸተተና ወደ ወረፋው ዞሮ ጮኸ።

«የእትዬ ጥሩወርቅ መጣ! ልጅ የያዘች ትውጣ!»

ልጅ የያዙትም ያልያዙትም ወጡ። በር ላይ ቆመው እያስነጠሱ «የዛሬ ዓመትም እንዲህ አድርጋን ነበር»፣ «አይ ሚጥሚጣ! ይኼ እኮ መድፍ ነው» ሲባባሉ እኔ መካከላቸው በኩራት ቆሜ አስነጥስ ነበር። ይህ የእኔ ቤት ሚጥሚጣ ነው። በርበሬያቸውን ይዘው የመጡ ሰዎች ሁሉ ለእሱ ቦታ ለቀቁ።

ዱቄቱን ይዤ ስመለስ አክስቴ በጣቷ ጫፍ አንስታ አሸተተችና «ሸጋ ተፈጭቷል፤ ተባረኪ» አለችኝ። ወዲያው ዝናሽ ከጓዳ ብቅ አለች።

«እናቴ፣ ቅሉን አውርጂልኝና ከአሁኑ ሻንጣዬ ውስጥ ልክተተው። በወከባው እንዳልረሳው።»

«እሑድ በእጄ ነው የምሰጥሽ። ደንብ አለው። እኔ ከእናቴ እጅ ነው የተቀበልኩት፤ አንቺ ከሻንጣ ልትቀበዪ ነው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ተክሉ ሰኞ ተቆርጧል። የሰፌዱ ተፈጭቷል። የቅሉም ተፈጭቷል። ከአያቴ የነጠላ ጫፍ ጀምሮ የመጣ ዘር፣ እኔ ጣሳ ልሙላ ስላልኩ፣ በዚያች ጠዋት አለቀ።

የልጅ ነገር፤ አንድ ተስፋ መጣልኝ። ወፍጮው ሳይሰብረው ያለፈ ፍሬ ቢኖርስ? ዝናሽ ስትገባ ጠብቄ ከዱቄቱ አንድ ጭብጥ ዘገንኩና ከቤቱ ኋላ፣ ቅንጭቡ ሥር ሄጄ ነጭ መሐረቤን አነጠፍኩ። ዱቄቱን በትንሹ በትንሹ እየበተንኩ በጣቴ ፈለግኩ። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ አንዲት ሙሉ ዘር አላገኘሁም። እንባዬ መጣ። እንባዬንም በዚያው እጄ ጠረግኩት።

ስለዚያ ሕመም ብዙ አልናገርም። የደረሰበት ያውቀዋል፤ ያልደረሰበት አይድረስበት።

«ማነው አጥሬ ሥር የሚያላዝነው?» አለ ድምፅ ከወዲያ።

«እኔ ነኝ፣ አያ ታከለ።»

«የከተማዋ ልጅ? ምነው? ማን መታሽ?»

«ዓይኔ ውስጥ ሚጥሚጣ…»

«እንዳታሺው! እጅሽን አርቂ! መጣሁ፣ መጣሁ!»

በአጥሩ ቀዳዳ ጎትተው አስገቡኝና ዓይኔን በብዙ ውኃ አጠቡኝ፤ እጄን ግን በውኃ ሳይሆን በወተት ነበር ያጠቡት። ምክንያቱ የገባኝ ኋላ ነው። ሚጥሚጣ ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ነገር በውኃ አይሟሟም፤ ቅባት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ውኃ የጠጣ ሰው ቃጠሎውን አፉ ውስጥ ያዞረዋል እንጂ አያጠፋውም። አያ ታከለ ይህን ከመጽሐፍ አላገኙትም። «ለሚጥሚጣ ላም እንጂ ወንዝ አይበቃም» ነበር ያሉኝ።

ዓይኔን ስከፍት ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጣሳውን፣ አራት ጣቱን፣ ቅሉን፣ ዝናሽን። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። ከዚያ የራሳቸው ግቢ ውስጥ እንደ ሌባ ግራና ቀኝ ተመለከቱና «ነይ» ብለው ከላሞቹ ጋጣ ኋላ ወሰዱኝ።

ከአክስቴ ተክል በአንድ ክንድ የሚበልጥ የሚጥሚጣ ቁጥቋጦ፣ ከላይ እስከ ታች ቀይ ለብሶ፣ ፍሬዎቹን ሁሉ ወደ ሰማይ ቀስሮ ቆሟል።

«ይህ የእኛ ነው!» አልኩ።

«ቀስ በዪ! ነው። እኔ ግን አልነካሁባትም። ወፎች ናቸው ያመጡት።»

ሚጥሚጣ ወፍን እንደማያቃጥል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ወፎቹ የአክስቴን ፍሬ ሲለቅሙ ይውሉና ሲጠግቡ በእሳቸው በኩል ቅንጭቡ ላይ አርፈው ኩሳቸውን ይጥላሉ፤ ዘሩ ሳይጎዳ ከኩሱ ጋር ይወድቃል፤ ክረምት ሲመጣ ይበቅላል። ዛሬ ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር፣ ፍሬውን አኝኮ ዘሩን የሚፈጨው እንስሳ እንዲሸሽ፣ ዘሩን ሳይሰብር ውጦ የሚያሻግረው ወፍ ግን እንዲቀርብ ተክሉ የመረጠው ብልሃት ነው እላለሁ። አያ ታከለ ያሉት አጠር ያለ ነው። «ተክሉም ወዳጁን ያውቃል።»

ከቀዩ ለይተው አሥር ያህል ፍሬ ቀጥፈው በእጄ ሰጡኝ።

«ቅሉ ውስጥ ክተቺው። ለአክስትሽም አትንገሪ። ሌባ ትለኛለች፤ ሌባ ከምባል ላሜ ብትሞት ይሻለኛል። አንቺ አላየሽኝም፤ እኔም አላየሁሽም።»

ቃል ገባሁ። ቅሉን አውርጄ ፍሬዎቹን ከተትኩ፤ መልሼ ሰቀልኩ። ልቤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም አረፈ።

ቅዳሜ ከቀትር በፊት አክስቴ የምትሰጠውን ለመምረጥ ቅሉን አወረደች። እንደ ልማዷ ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ወዘወዘችው። ቅሉ ዝም አለ። ደግማ ወዘወዘችው። እርጥብ ፍሬ ሽክ ሽክ አይልም፤ ይህን አላሰብኩም ነበር። መዳፏ ላይ ስትገለብጠው ግንዱ ላይ እንዳለ የሚያበራ፣ አረንጓዴ ጭራው ያልጠወለገ ቀይ ፍሬ ወረደ።

«ይህ ከተቀጠፈ ሦስት ቀን አልሞላውም» አለች በቀስታ። «የእኔን ሰኞ ቆርጬዋለሁ። ታዲያ ይህ ከየት መጣ?»

ሌላ ሰው አልጠረጠረችም፤ በቀጥታ ወደ እኔ ነበር የዞረችው። ዝናሽም የተቀባችው ሂና እንዲደርቅ እጇን እንደዘረጋች በር ላይ ቆማለች። ጥፋቴን ተናገርኩ። አክስቴ መደቡ ላይ ተቀመጠች። አልመታችኝም፤ አልተቆጣችኝምም።

«ጣሳው ጎደለብሽና…»

«አዎ።»

«እኔም ሙሉ አድርጊ ብያለሁ።»

«አዎ።»

«እህ። ይህንስ ማን ሰጠሽ?»

«ቃል ገብቻለሁ» ብቻ አልኩ። አክስቴ መዳፏ ላይ ያለውን ፍሬ አየች፤ ወደ ቅንጭቡ አየች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እኔም፣ ዝናሽም፣ ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶችም ቢላቸውን እንደያዙ ተከተልናት።

«አያ ታከለ!»

«አቤት እመት!» አሉ ከአጥር ወዲያ። «እመት» የሚሏት ሲያሾፉባት ብቻ ነው።

«ዘሬን መቼ ነው የሰረቅኸው?»

«እኔ ሌባ አይደለሁም። ወፎችሽን ጠይቂ።»

«ወፎቼን?»

«ታዲያ የማን ናቸው? የሚበሉት አንቺ ዘንድ፣ የሚያራግፉት እኔ ዘንድ። እኔ ለምኜ ያጣሁትን ወፏ ሳልለምናት ሰጠችኝ። ምን ላድርግ፣ ልመልስላት?»

አንዷ ሴትዮ ሳቋ አመለጣት። አክስቴ ዞራ ስታያት ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

«ወፍ ሚጥሚጣ ይበላል ብለህ ልታታልለኝ! ደግሞ የእኔ ለመሆኑ በምን አውቃለሁ? ከገበያ የገዛኸው ተራ ዘር ቢሆንስ? ልጄን በማላውቀው ዘር ልዳራት?»

«አፍ የለሽም? ነይና ቅመሺ።»

አክስቴ በዋናው በር ዞራ የአያ ታከለን ግቢ ረገጠች፤ በእኔ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከጋጣው ኋላ ስትደርስ ተክሉን አይታ ቆመች። አንድ ፍሬ ቀጠፈችና ግማሹን ነከሰች።

ሁላችንም አፏን ነበር የምናየው። በመጀመሪያ ምንም የለም፤ የእኛ ሚጥሚጣ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ቆም ብሎ ያስባል። ከዚያ ጆሮዎቿ ቀሉ። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ላብ ብቅ አለ። ዓይኖቿ ሞሉ። አያ ታከለ ወተት የያዘ ዋንጫ ዘረጉላት፤ በእጇ መለሰችው። ቃጠሎው ከምላሷ እስከ ጉሮሮዋ ወርዶ እስኪያልፍ ጠበቀችና «የእናቴ ነው» አለች።

እንባው የሚጥሚጣው ይሁን የሌላ ነገር እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

«ከእኔውም ይብሳል» ስትል ጨመረች፤ ይህን ግን እንደ ክስ ነው የተናገረችው።

«አፈሩ ነው።»

«ምን አፈሩ! ዘሩ ነው እንጂ።»

«የላሞቼ እበት ነው፣ እመት።»

«እበትህን ለራስህ ያዝ! ዘሩ ነው አልኩህ!»

እንዲህ እየተከራከሩ እስከ በሩ አብረው መጡ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከብዙ ዓመት ሰላምታቸው የበለጠ ቃል ተለዋወጡ።

እሑድ ዕለት ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ገባ። ቁርጡ ቀረበ፤ ከአጠገቡም ያ እኔ ያስፈጨሁት ሚጥሚጣ። የእኛ ቤት ሰዎች ዳር ቆመው ሚዜዎቹን ይጠብቃሉ፤ ቀድሞ ጠላ የለመነ የዓመት መሳቂያ ነው። አንደኛው ሚዜ ጥሩ ጎልማሳ ነበር፤ ሁለት ጉርሻ ድረስ ተቋቋመ፤ በሦስተኛው እንባው ጉንጩ ላይ ሲወርድ ቀና ብሎ «ምነው፣ ዳሱ ጢስ አለው እንዴ?» አለ። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ሚዜው ግን እጁን ወደ ሳህኑ መልሶ አራተኛውን ነከረ። አክስቴ ይህን ስታይ «ይህ ልጅ ሰው ነው» ብላ ጠላውን ራሷ አቀረበችለት።

ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲነሡ የዘሩ ሰዓት ደረሰ። አክስቴ ባዶ እጇን ዘርግታ አያ ታከለን ከተቀመጡበት ጠራች።

«አንተ ስጣት። ዘንድሮ ዘሩ ያለው አንተ ዘንድ ነው።»

ሰውዬው ደነገጡ። ሳቃቸው ጠፋ። እጃቸውን በጋቢያቸው ደጋግመው ጠረጉና ከኪሳቸው በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ፤ ይዘውት እንዲመጡ ማንም አላዘዛቸውም። ዝናሽ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች። አክስቴም «በቆላድባ ለለመነሽ ሁሉ ስጪ» አለቻት። ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ ከሴቶቹ ሁሉ ይበልጥ የተገረምኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ወዲያው እኔም ተጠራሁ። አክስቴ ከሳህኑ ፊት አስቀምጣ «ዘር የፈጨች ልጅ ምን እንደፈጨች ትቅመስ» አለችኝ። ቀመስኩ። ማልኩ። እጄም ተመልሶ ሄደ።

ለምን እንደሚመለስ ለተማሪዎቼ እንዲህ እያልኩ አስረዳለሁ። ማቃጠል እንደ ጣፋጭና እንደ ጎምዛዛ ያለ ጣዕም አይደለም፤ ምላሳችን እውነተኛ እሳት ነክቶኛል ብሎ ይሳሳታል፤ ሰውነት ለእርዳታ ይሯሯጣል፤ ላብ፣ እንባ፣ የልብ ምት። ደርሶ ሲያይ እሳት የለም፤ ቁስል የለም። ያኔ የሚመጣው እፎይታ ነው የሚጣፍጠን። አንድ ተማሪዬ «ታዲያ ተታለን ነው የምንደሰተው?» ሲል ጠየቀኝ። «አይደለም፤ ፈርተን ስላልሸሸን ነው» አልኩት። የሚዜውን አራተኛ ጉርሻ እያሰብኩ ነበር።

ኮሌጅ ስገባ የሚጥሚጣም የበርበሬም የመጀመሪያ አገር ከውቅያኖስ ማዶ መሆኑን ተማርኩ፤ ዘራቸው በመርከብ ከነጋዴ ነጋዴ እየተላለፈ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። አዝኜ ማክሰኝት ሄድኩና ለአክስቴ ነገርኳት። እሷ ምንም አላዘነችም። «ይሁና» አለች፤ «የትም ይወለድ። ጠባይ የያዘው ግን እዚህ ነው።» ከዚያ የተሻለ መልስ በመማሪያ መጽሐፎቼ ውስጥ አላገኘሁም።

ዛሬ አክስቴ አርጅታለች፤ ድምፅዋ ግን አላረጀም። ዘሩ ማክሰኝት ላይ በብዙ ግቢ፣ ቆላድባ ደግሞ በዝናሽና በጎረቤቶቿ ጓሮ አለ። አያ ታከለ ዐርፈዋል፤ ልጃቸው ላሞቹንም ተክሉንም ይጠብቃል፤ የአፈሩንና የዘሩን ክርክር ከአክስቴ ጋር እሱ ቀጥሎበታል። እኔም ቁስቋም ሰፈር በተከራየሁት ቤት ደጃፍ፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር፣ በአሮጌ ባልዲ አንድ ተክል አለኝ። የከተማው ሚጥሚጣ አሁን በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ ይገዛል፤ ምቹ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ባልዲዬን ክፍል ውስጥ ይዤ የገባሁ ቀን ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ሚጥሚጣ ተክል መሆኑን ሲያውቁ ተገረሙ። እኛ በአቧራው እያስነጠስን ነው ያወቅነው፤ እነሱ በላስቲኩ ነው የሚያውቁት። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ዘር ሰጠኋቸው። የአንዷ በቅሏል፤ በየሳምንቱ ቁመቱን እየለካች ታመጣልኛለች፤ እኔም እንደ ሠርገኛ እኮራለሁ።

እናንተም ሞክሩት። ያልተፈጨ፣ በፀሐይ የደረቀ የሚጥሚጣ ፍሬ ከገበያ ፈልጉ፤ ሰንጥቃችሁ ዘሩን በባልዲም በጣሳም ዝሩት፤ እጃችሁን በቅባት ወይም በወተት ታጠቡ፤ ዓይናችሁን አትንኩ። ፍሬው ቀልቶ ቀና ሲል አንዱን ነክሳችሁ ውኃ ሳትጠጡ እስኪያልፍ ጠብቁ። ከዚያ ከዘሩ ከፍላችሁ ለሰው ስጡ። ለማን እንደምትሰጡ ከቸገራችሁ፣ ሰላምታችሁ ካጠረበት ጎረቤት ጀምሩ።